ሐኪሙ የሚሰማው በየትኛው ቋንቋ ነው? በአእምሮ ጤና ሙያ ውስጥ ስለ ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነትና አካታችነት

ደቡብ ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ተቀምጬ ባየሁት ነገር ልጀምር። ከባቲ ወገን የመጡ አንዲት እናት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ ነርሱ ደግሞ ኦሮምኛ አይችልም። በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጃቸው ቆሞ ያስተረጉማል። ነርሱ ስለ እንቅልፋቸው ሲጠይቅ እናት የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠመዘዙ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ልጁም ወደ ነርሱ ዞሮ «ደህና ነኝ ትላለች» አለ። ስለ ምግብ ሲጠይቅም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ የግድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ደረሰ፤ «መኖር አስጠልቷቸው፣ ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ ወይ በላቸው» አለ ነርሱ። ልጁ ዝም አለ። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ለእናቱ አንድ አጭር ነገር ነገራቸው፣ እሳቸውም ባጭሩ መለሱ፤ «የለም» ብሎ ጨረሰ። ጥያቄው በእርግጥ ለእናትየው ይድረስ አይድረስ በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ማናችንም አላወቅንም።

ነርሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ እሱም በአቅሙ ለሁሉም ለመድረስ ይጣደፋል። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል ውስጥ የተበላሸው ነገር የአንድ ሰው ስንፍና ባለመሆኑ ነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው። በውጭው ዓለም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነትና አካታችነት እያሉ ለዓመታት ሲከራከሩበት የቆየው ጉዳይ እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩ እንደዚህ ነው፤ በልጁ ፊት ሐዘኗን መናገር የማትችል እናት።

ከሁሉ በፊት ግልጽ መሆን ያለበት የአእምሮ ሕክምና ከሌላው ሕክምና በምን እንደሚለይ ነው። ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል፤ ሕመምተኛው አፋርኛ ቢናገር አማርኛ ቁጥሩ ያው ነው። የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል። ድብርትን፣ ጭንቀትን ወይም ስኪዞፍሬንያን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን የለም፤ የደም ምርመራ ቢታዘዝም በአብዛኛው እንደ እንቅርት ሆርሞን መዛባት ያለ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ባለሙያው በሽታውን የሚለየው ሕመምተኛው ከሚናገረው፣ ከአነጋገሩ፣ ከሁኔታውና ቤተሰቡ ከሚያወሳው ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የመመርመሪያው መሣሪያ ንግግር ነው፤ መሣሪያው ደግሞ በሰው ላይ ያለ ነው፤ የመጣበት ቋንቋ፣ ጾታ፣ እምነትና አስተዳደግ አብረውት ይገባሉ። ስለዚህ ማን ባለሙያ ሆነ የሚለው ጥያቄ ከሥራ ቅጥር አልፎ የምርመራውን ትክክለኛነት የሚወስን ጥያቄ ይሆናል። እኔ በግሌ ይህን ጉዳይ እንደ በጎ ምግባር ወይም እንደ ዘመን አመጣሽ ፋሽን የሚያዩትን ሰዎች የማልስማማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ብዝኃነት የሚባለው ባለሙያዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገር ነው፤ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሴቶችም ወንዶችም፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ ከከተማም ከገጠርም የመጡ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች አሉ ወይ ማለት ነው። ፍትሐዊነት ደግሞ ከእኩልነት ይለያል፤ እኩልነት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ሲሆን ፍትሐዊነት ግን እያንዳንዱ የጎደለበትን አይቶ መስጠት ነው። ለደሴ ነዋሪና ለወሎው ቦረና ገበሬ «ሆስፒታሉ ለሁላችሁም ክፍት ነው» ማለት እኩልነት ሊባል ይችላል። ነገር ግን አንዱ በባጃጅ በሩብ ሰዓት የሚደርስበት ቦታ ለሌላው የቀን ጉዞ፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ፣ የአስታማሚ ሥራ መፍታት ከሆነ ክፍት የሆነው በር ለሁለቱ አንድ አይደለም። አካታችነት ከሁለቱም ይጠልቃል፤ ሰውየው ከገባ በኋላ ድምፁ ይሰማል ወይ የሚል ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ነርስ ቀጥሮ በስብሰባ ላይ አስተያየቷን የማይሰማ፣ ወይም እንደ አስተርጓሚ ብቻ ከክፍል ክፍል የሚያሯሩጣት ተቋም ብዝኃነት ይኖረው ይሆናል፤ አካታችነት ግን የለውም።

ሙያው ይህን ጥያቄ ማንሳት የጀመረው በውዴታ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም ከባርነት የሚያመልጡ ጥቁሮች «ድራፔቶማንያ» የሚባል የአእምሮ በሽታ ይዟቸው ነው ብሎ ጽፏል፤ ነፃነት መፈለግ በሽታ ተብሎ ተሰየመ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1968፣ ጥቁር የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ድምፃችንን አልሰማም ብለው የራሳቸውን ማኅበር በሳን ፍራንሲስኮ መሠረቱ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በጥር 2021፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበሩ ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ሙያቸው በዘረኝነት ውስጥ ለነበረው ድርሻ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ታሪኩ የተለየ ነው፤ መለያው ቋንቋ፣ ርቀት፣ ጾታ፣ እምነትና ሕመሙ ራሱ ነው። ከእነሱ የምንወስደው የጥያቄውን አጠያየቅ ብቻ ነው፤ መልሱን ከዚያ ማምጣት አይቻልም።

የእኛ ሙያ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ከወሎ አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ቤተሰቡ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ጸበል ወይም ሼህ ዘንድ መውሰድ፣ አለዚያም በሬ ሸጦ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ። የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቧ 70 ሚሊዮን ገደማ በነበረው አገር ውስጥ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ በጎንደርና በጅማ የማስተርስ ደረጃ ሥልጠናዎች ተጀምረዋል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፣ በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቷል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ለ100,000 ሰው ያለው የአእምሮ ጤና ሠራተኛ ከሁለት ያነሰ ሲሆን በከፍተኛ ገቢ አገሮች ከ60 በላይ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት ቦታ «መጀመሪያ ባለሙያ ይኑር እንጂ የማን ልጅ ይሁን አይጠየቅም» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህን የሚሉ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ ትንሽ በሆነ መጠን እያንዳንዱ ባለሙያ የሚሸከመው የሕዝብ ዓይነት ይበዛል። አሥር ነርስ ያለበት ክፍል አንዱ የማይረዳውን ሕመምተኛ ሌላው ይቀበለዋል፤ አንድ ነርስ ብቻ ባለበት ሆስፒታል ግን የዚያ ሰው ቋንቋና ጾታ የመላው ወረዳ ዕጣ ይሆናል።

ቃሉ የሚጠፋበት ቦታ

ወሎ በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ ነው። አማርኛው አለ፤ በከሚሴና በባቲ በኩል አፋን ኦሮሞ አለ፤ አርጎብኛ አለ፤ ወደ ሰቆጣ ስንሄድ ኽምጥኛ አለ፤ ከቆላው ደግሞ ለሕክምና ወደ ደሴ የሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች አሉ። አማርኛ የሚናገረው ሕመምተኛ ራሱ ቢሆን የመጽሐፉን አማርኛ አይናገርም። በትምህርት ቤት «ድብርት» ወይም «ድባቴ» ተብሎ የተማርነውን አንድ የጃማ ወይም የወረኢሉ ገበሬ በዚያ ስም አይጠራውም። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤን ከበደኝ»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ይላል። አካሉን ነው የሚናገረው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የራስ ምታት ኪኒን አዝዞ ይሸኘዋል፤ ሰውየውም ኪኒኑን ጨርሶ፣ ሆዱ እንደባሰው፣ ዳግመኛ አይመለስም።

ሌላው ሰላምታው ነው። የወሎ ሰው እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ ቢመጣ ይህን ሳይል ወደ ብሶቱ አይገባም። ምስጋናው የጤና ማስረጃ ሳይሆን የንግግሩ መግቢያ በር ነው። ቸኩሎ «ደህና ነው» ብሎ ካርዱ ላይ የሚጽፍ ባለሙያ በሩን ሳይከፍት ተመለሰ ማለት ነው። ለሐዘንተኛ «አብሽር» የሚባልበት አገር መሆኑም እንዲሁ፤ ቃሉ በጥሩ ጊዜ ሲነገር ከብዙ ምክር ይበልጣል፣ ያለጊዜው ሲነገር ግን «በቃ፣ ዝም በል» የሚል ይመስላል። ይህን ልዩነት መማሪያ መጽሐፍ አያስተምርም፤ አብሮ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ያላደገው ደግሞ ከጠየቀ ይማረዋል።

ሕመምን ለመለየት የሚሞሉ መጠይቆችም ከዚህ አይተርፉም። በጤና ተቋሞቻችን የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ መጠይቆች በሌላ አገር፣ ለሌላ ሕዝብ የተዘጋጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣና በሰፊው የሚጠቀስ ግምገማ እንዳሳየው በታዋቂ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ የሚሆኑት የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶው ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። ተመራማሪዎቻችን አንዳንዶቹን መጠይቆች ወደ አማርኛ መልሰው በኢትዮጵያውያን ላይ መሥራት አለመሥራታቸውን ፈትሸዋል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በአማርኛ የተፈተሸ መጠይቅ ባቲ ላይ በቃል ሲተረጎም ያ ፍተሻ አብሮት አይሄድም። በኦሮምኛ «ያዶ» የሚለው ቃል ሐሳብንም ስጋትንም ሊይዝ ይችላል፤ አስተርጓሚው ልጅ አንዱን መርጦ ያቀብላል፣ ነጥቡም በዚያ ምርጫ ላይ ይቆማል።

በተቃራኒው ያለውን አደጋም መናገር ይገባል። ባህልን ማወቅ ማለት ሁሉን ነገር በባህል ማሳበብ አይደለም። በቅርቡ አባቱ የሞተበት ሰው ሌሊት የአባቱን ድምፅ ሰማሁ ቢል የሐዘን ወግ ሊሆን ይችላል፤ ለስድስት ወር ድምፅ እያዘዘው ልብሱን ጥሎ የሚሄድ ወጣት ግን «ዛር ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ መተው የለበትም። የአገሩን ሰው የሚያውቅ ባለሙያ ጥቅሙ ሁለቱን ለይቶ ማየት መቻሉ ነው።

እምነት በአንድ ቤት ውስጥ

በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው መኖራቸው አዲስ አይደለም። አጎቱ ሐጂ፣ አክስቱ ቆራቢ የሆኑ ሰው ሲታመም አንዱ ወገን ወደ ግሸን ማርያም ጸበል፣ ሌላው ሩቅያ (በቁርኣን ንባብ የሚደረግ ሕክምና) ወደሚያደርጉ ሼህ ይወስደዋል፣ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ጸሎትም ይደረግለታል። ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይወስናል። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጸበል ስትሉ አባከናችሁት» ያለ ባለሙያ በቤተሰቡ ዘንድ ተፈርዶበታል፤ መድኃኒቱ ይወሰዳል፣ ግን አይዋጥም። «ጸሎቱን አታቋርጡ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» ያለው ግን የቤተሰቡን አደራ ይዟል።

አብሮ የሚሄደው ዝርዝር ከዚህም ይረቃል። በረመዳን የሚጾም ሕመምተኛ በቀን ሁለቴ የሚወስደውን መድኃኒት ከሱሁርና ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ባለሙያው ካልጠየቀ ግን ሕመምተኛው ለወር ያህል ማቋረጡን ሳይናገር ሊቀር ይችላል። ጫት የሚቃምበት ወዳጃ ላይ የሚቀመጥ ሰውን በንቀት ከመገሠጽ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የአእምሮ ሕመሙን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ማስረዳትና ጸሎቱ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ብቻ እንዲያሳልፍ መምከር ይሻላል። ሰንሰለትና ድብደባ ባለበት ግን፣ በየትኛውም እምነት ስም ቢሆን፣ ባለሙያው መለሳለስ የለበትም፤ ለባህል መጠንቀቅ ለሰው ልጅ ክብር ከመቆም ጋር ሲጋጭ የሚመረጠው ክብሩ ነው።

ጾታን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። አንዲት ሴት ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ሐዘን፣ ስለ ባሏ ዱላ ወይም ስለ ደረሰባት መደፈር ለወንድ ባለሙያ፣ ያውም አማቷ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያን፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን ከደረሰ በኋላ ይህ ጥያቄ እጅግ ከብዷል። በዚያ ወቅት ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ሰው ዘመዱን፣ ቤቱንና እንቅልፉን አጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ግጭት በነካቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የማካካሻ ድጋፍ እንዲደረግ ይፈቅዳል፤ ይህ ድጋፍ ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲመጣ ግን ሕፃን ልጇን ትታ ለዓመታት ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ያቃታት ነርስ ዘንድ ይቆማል። ሴት ባለሙያ አጣን ከማለት በፊት ሥልጠናው ሴት በሚመቻት መልኩ ተዘጋጅቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሕመሙን የሚያውቀው ባለሙያ

ስለ አካታችነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወገን ራሱ የታመመው ነው። በሙያው ውስጥ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ይደብቃሉ። የማውቀው አንድ ባለሙያ መድኃኒቱን በሻይ እረፍት ሰዓት፣ ሽንት ቤት ገብቶ፣ ውኃ እንኳ ሳይዝ ይውጣል። በቀን ውስጥ ለሌሎች «ሕመሙ የሚታከም ነው፣ አትፈሩ» እያለ የሚያስተምር ሰው የራሱን ኪኒን ከባልደረቦቹ ይሰውራል፤ ሙያው ለሌላው የሚሰጠውን ርኅራኄ ለራሱ ልጅ ሲነፍግ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት በአቅሙ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ቅጥር እንዳይገለሉ ይከለክላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጾቹ ወደ ሠራተኛ ክፍሉ ጠረጴዛ እስኪደርሱ ድረስ ግን «እብድ» የምትለዋ ቃል ከሁሉም አዋጆች ፈጥና ትደርሳለች።

ታሞ የዳነ ሰው ለሌላው ታማሚ የሚሰጠው ነገር ደግሞ በዲግሪ አይገኝም። መርፌው አፍ እንደሚያደርቅ፣ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ በሦስተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ብሎ የማቆም ፈተና እንደሚመጣ ከራሱ ያውቃል። ይህን ሰው በክፍሉ ውስጥ አማካሪ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ለድካሙም መክፈል፣ ሌሎች አገሮች የጀመሩት ነው።

ከአካባቢው የተገኘ ምሳሌ

በእኔ እይታ ኢትዮጵያ ይህን መርህ ሳትጠራው የሠራችበት ትልቅ ምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። ከሃያ ዓመታት በፊት መርሐ ግብሩ ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በተቻለ መጠን ከዚያው ቀበሌ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ተመርጠው የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ወደ መጡበት ተመለሱ። ከ30,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ወደ ጤና ሥራ ገብተዋል። ወላድ እናት ቤት ድረስ ገብተው ቡና እየጠጡ የሚያስተምሩት የማያውቋት እንግዳ ስላልሆኑ ነው። ለአእምሮ ጤናም መንገዱ ከዚህ የራቀ አይሆንም።

ሥራው ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሠራተኞች ቢሰጥ ጥራት ይጎድላል የሚለው ስጋት መልስ አግኝቷል። በጉራጌ ዞን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተሰጠ ክትትል ለከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች በሳይካትሪ ነርሶች ከሚመራው ክትትል ያነሰ ውጤት እንዳልነበረው አሳይቷል። በዚምባብዌ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የሰፈር አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲያማክሩ አደረጉ፤ አያቶቹም ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ማለትም ሐሳብ ማብዛት፣ ብለው ነበር የሚጠሩት። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በአያቶቹ የተማከሩት ሰዎች ምልክት በስድስት ወር ውስጥ በተለመደው ክትትል ከቆዩት ይልቅ በእጅጉ መቀነሱን አረጋግጧል። «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለውን የወሎ ገበሬ አስታውሱ፤ ቃሉ በእጃችን አለ። አያቶቹን በተመለከተም በወሎ እድርን የምንጠራበት ቅሬ አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛ የሚጠየቅበት፣ የታመመ የሚታወቅበት ማኅበር ነው። ጠብ የሚያበርዱ አበጋሮችም አሉ። እነዚህን ሰዎች ማሠልጠንና ከጤና ጣቢያው ጋር ማገናኘት ከባዶ ከመጀመር ይቀልላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ሳልናገር አላልፍም። የአካባቢ ሰው ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። እንደ ሐይቅ ወይም መርሳ ባለ ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለሙያዋ የጎረቤት ልጅ ከሆነች ሕመምተኛው «ነገ በቅሬው ላይ ይወራል» ብሎ ይፈራል፤ ሆን ብሎ ከማይታወቅበት ደሴ ድረስ የሚሄድም አለ። ስለዚህ መልሱ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚመስለውን ሰው መመደብ ሳይሆን ምርጫ እንዲኖረው ማድረግ፣ ባለሙያውም ምስጢር ጠባቂነትን ከሁሉ በላይ እንዲያከብር ማሠልጠን ነው። ሰው ከሚመስለው ጋር ብቻ ይታከም ማለት በሌላ በር መለያየትን ማስገባት ነው፤ ይህ ደግሞ ከወሎ ጠባይ ጋር አይስማማም።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ከሁለት ወር በኋላ እኚያ እናት ለቀጠሮ ሲመጡ በክፍሉ ውስጥ ከከሚሴ ወገን የመጣች ወጣት ነርስ ተመድባ ነበር። ልጁን «አንተ ወንድሜ፣ ውጭ ጠብቀን» አለችውና በሩን ዘጋች። ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ። ኦሮምኛው በደንብ ባይገባኝም እናትየው ሲያወሩ ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ፤ ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ። ነርሷ መሐረብ አቀበለቻቸውና ጥያቄውን ጠየቀች። አዎ ነበር መልሱ፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮም በፊት አዎ ነበር።

በዚያ ሆስፒታል የሕመምተኛው ካርድ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ ለቋንቋ ግን ቦታ የለውም። ነርሷ የዚያን ቀን እስክሪብቶዋን አንሥታ በእናትየው ካርድ ጥግ ላይ «ኦሮምኛ፤ ከልጇ ጋር አትጠየቅ» ብላ ጻፈች። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛም አይቶት ከሳምንቱ ጀምሮ ለሚመጡት ሁሉ ቋንቋቸውን እየጠየቀ በዚያው ጥግ ላይ ይጽፍ ጀመር።